ሚሳኤል ደስ የሚል የዘፈነ ቀን

ውሸት ከተናገርኩ የመካኒሳው አቦ ይፍረዱብኝ፤ ከዚህ በታች ያለው አንዷም ሳትቀር እውነት ናት። ካላመናችሁ ሰፈሩን ጠይቁ።

ሚሳኤል ጊታሩን ሲያነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጅራቱን እግሩ መሃል ይወሽቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በንቲ ሚሳኤል ሲዘፍን ምላጭ አይዝም፤ አንዴ እንባ ጋርዶት የደንበኛ ጆሮ ሊወስድ ነበርና። ልጁ ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ እየሠራ ስለ ጨለማ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለማይመለስ ሰው ያንጎራጉራል። የሞተበት ሰው ግን የለም። አባቱ እንኳ ሌላ አግብቶ ፉሪ በደህና ይኖራል። ሠርግ ላይ ጠርተውት ሙሽራዋን አስለቅሶ ተባሯል። ሰፈሩም "ሙሾ" ብሎ ስም አወጣለት።

ተስፋ የሰጠው ጎፋ ካሴት የሚያሳትመው ሸምሱ ብቻ ነበር። አዳመጠውና "አንተ ልጅ፣ ማን ሞተብህ?" አለው። ማንም እንዳልሞተበት ሲነግረው፣ እንግዲያው አንድ የሚያስጨፍር ጨምርበትና ካሴቱን አወጣልሃለሁ አለ። ሚሳኤል ዓመት ሙሉ ሞከረ። ደስታ ከእጁ አልወጣ አለ።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምህረት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ወጋየሁ ከበንቲ ቤት ጀርባ ጠርተው፣ ታላቅ ወንድሙ እንግዳ የሚነዳው የጭነት መኪና አዋሽ ላይ መገልበጡን ነገሩት። እንግዳ አልተረፈም። ለእናቱ ለዘነቡ መርዶው የሚነገራት እሁድ ንጋት ላይ፣ እህቷ ከናዝሬት ስትደርስ ነው። ልበ ደካማ ናት፤ የሚደግፋት የቅርብ ሰው ሳይኖር አይሆንም።

"እስከዚያ እንደ ወትሮህ ሁን" አሉት። "አውቃ አንድ ነገር ብትሆን፣ በአንተ ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱ ያሳብቅበት ነበር። የሚሳኤል ፊት ግን ከተወለደ ጀምሮ ለቅሶ ቤት ነው። እናቱ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ቀና ብላ አየችው፤ ምንም አልጠረጠረችም።

"እስቲ ያችን ጨለማህን አንጎራጉርልኝ፤ ምስሩ ቶሎ ያልቅልኛል።"

ጊታሩን አነሳ። የለመደውን ሊጀምር ሲል የማይመለሰው ሰው ወንድሙ ሆነበት። እሱን ቢዘፍን ሊፈነዳ ነው። ዝም ቢል ልትጠረጥር ነው። መርዶውን ቀድመው የሰሙት ጎረቤቶች ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈዋል። ጣቶቹ ያገኙትን መቱ፤ የወጣው ትከሻ የሚነቀንቅ ሆነ፦

ጥሩምባው ተነፋ፣ ጎፋ ላይ ሲደርስ፤
እማዬ ተነሺ፣ በይ ቀይሪ ልብስ።

የገጠመው ስለ እንግዳ መኪና ነበር። ብርቱካን ጭኖ ሲመጣ ከሩቅ ጥሩምባውን ያስጮኸዋል፤ እሷም ቀሚስ ቀይራ ትጠብቀዋለች። ሌላኛው ጥሩምባ፣ ሰው ሲሞት የእድሩ ለፋፊ ንጋት ላይ የሚነፋው፣ ትዝ ያለው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሌላኛውም ልብስ።

እናቱ ምስር መልቀሙን ተወች።

"ሚሳኤል።"

"አቤት፣ እማዬ።"

"ደስ የሚል ዘፈንክልኝ" አለች። "ማን ሞተ?"

ጣቶቹ ክሩ ላይ ቀሩ። ዘፈኑ ከተቋረጠ ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ መውጣቱን አውቆ በዋይታ በሩን ሊያነቃንቀው ነው። እናቱ ሰፌዱን መሬት አኖረች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ቀስ ብላ ዘቅዝቃ ለበሰችው።

"ጨርሰው" አለችው። "እስኪነግሩኝ ድረስ አላወቅሁም።"

ጨረሰው። ከአጥሩ ወዲያ የነበሩት እየሳቀ ነው የዘፈነው ይላሉ፤ እነሱ ግን ፊቱን አላዩም።

በሦስተኛው ቀን ሸምሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ጠጋ ብሎ፣ የሚያስጨፍረው ዘፈን መወለዱን ከሰፈር እንደሰማ፣ ሐዘኑ ሲወጣ ስቱዲዮ እንደሚያስገባው አንሾካሾከለት።

"እሱ ዘፈን አይደለም፣ ጋሽ ሸምሱ" አለ ሚሳኤል። "ሙሾ ነው። ከፈለጉ ሌሎቹን ይውሰዱ።"

እንግዲህ አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ስለ ውሾቹም ስለ ጆሮውም አይደለም፤ እነሱ እውነት ናቸው። እናቱ "ጨርሰው" አላለችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ዝም ነው ያለችው፤ ዝምታዋ ከብዶኝ አፍ ያበጀሁላት እኔ ነኝ። እሱ ግን ጨርሶታል።