የጣይብ አምባር

እናቴ ሐጃ በቱል ጌጥ አያያዝ ታውቅ ነበር። ወርቁን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና፣ ብሩን በአመድና በሎሚ ታጸዳለች። ከዚያ ወርቁን በነጭ፣ ብሩን በጥቁር ጨርቅ ለየብቻ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ ታኖራለች። ልጅ ሳለሁ አንዴ አንድ ላይ ብጠቀልላቸው፣ «አንቺ ደንቆሮ፣ ሲፋጩ አያልቁም?» ብላ ጆሮዬን ጠምዝዛኛለች።

ወንድሜ ጣይብ በረሃ ወርቅ ይቆፍር ነበር። በመጀመሪያው ግኝቱ ለዩማ ቀጭን አምባር አሠራላት። እናታችንን ዩማ ነው የምንላት። በሦስተኛው ዓመት እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ ከተማችን ወደ በርበር ተመለሰ። ሻዩ እየፈሰሰበት፣ «እኔ አይደለሁም፣ ብርጭቆው ነው የሚደንሰው» እያለ ይስቅ ነበር። ሐኪሙ ወርቁን ሲያነጥር የሳበው ጭስ ነው አለን። ረመዳን ሳይገባ ሞተ።

እኛ ዘንድ ያዘነች ሴት ወርቅ አታደርግም። ዩማ በቀብሩ ቀን ሁሉንም አወለቀች። ሌላውን ጌጥ በየጨርቁ አስገባች፤ አምባሩን ግን በጣይብ ጥምጣም ጠቀለለችው። ጥምጣሙ አልታጠበም ነበር፤ ላቡ ላቡን ይሸታል። አጠገቧ ቆሜ እያየሁ ምንም አላልኳትም።

ዓመቱ ሲሞላ፣ «ኒዕማት፣ ልጄ የሰጠኝን አምጪልኝ» አለችኝ። ጥምጣሙን ፈታሁት። አምባሩ እንደ ቆርቆሮ ነጭ ሆኗል።

«የማን ነው ይሄ?»

«ያንቺው ነው ዩማ።»

«የኔማ ወርቅ ነበር።»

በሳሙና አጠብኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፤ ይብስ አብለጨለጨ። ከነጥምጣሙ ይዘነው ወደ አንጥረኛው ኸሊፋ ሄድን።

«ሐጃ፣ አርባ ዓመት ስሠራ ወርቅ ሲሸብት አላየሁም!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጥምጣሙን አይቶ ሳቁን ተወ። «ልጅሽ በዚህ ምን ያደርግበት ነበር?»

እኔ ነኝ የመለስኩት። ወርቁን ከአፈሩ የሚለቅመውን ሜርኩሪ የሚጨምቀው በሱ ነበር። ራሱ አሳይቶኛል። አውቅ ነበር።

«ጨርቁ ውስጥ የቀረው ነው ወርቁን የበላው» አለ ኸሊፋ። «እሳት ላይ ባደርገው ይለቃል። ፊቱ ይጎደጉዳል እንጂ መልኩስ ይመለሳል።»

«ሲለቅ ወዴት ይሄዳል?» አለች ዩማ።

«በጭስ ነዋ።»

ዩማ እጇን ዘረጋች። «ስጠኝ።»

«በር ከፍቼ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ነው የማደርገው ሐጃ። እንዲሁ ካደረግሽው ይሰበራል፤ ለገላሽም አይበጅም።»

«አንተም እናት አለችህ። ስጠኝ ኸሊፋ።»

ቤት ገብተን ጥምጣሙን እንቅበረው ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ምን ቀረልኝ ብለሽ ነው?» አለችኝ። አምባሩን በጣቶቿ ላይ ገፋችው። አንጓዋ ላይ ሲደርስ ቀጭ አለ። ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጭኗ ላይ ወደቀ። አላለቀሰችም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅማ ጥምጣሙ ላይ አኖረችው።

ነጩን ጨርቅ አቀበልኳት። «ዩማ፣ እባክሽ ለየብቻ።»

«ተዪ» አለች፤ «አንድ ላይ ይሁኑ።»

ቋጠሮውን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛበታለች። ብሩን እኔ ሐሙስ ሐሙስ በአመድ እወለውላለሁ። የሚያጠልቀው ሰው ግን የለም።