የጌሾው ሚዛን

እናቴ ደብሪቱ ከመሞቷ ሦስት ቀን ቀደም ብላ የጠላዋን ልክ አጻፈችኝ። «ጌሾ ስድስት ጣሳ፣ ብቅል አራት ጣሳ» አለች። ጣሳው ዳባት ቤቷ ያለው፣ ዕድሜ ልኳን የሰፈረችበት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው። «በተዝካሬ የሰው ጠላ እንዳይቀርብ፣ ሕሊና። የራሴ ይሁን።» እሺ አልኳት። ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ቀበርናት። አላለቀስኩም። «ምነው እንባዋ ደረቀ» ብለው ሲያሙኝ ሰምቻለሁ፤ እውነታቸውን ነው። የሚያለቅሰው ሁሉ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

በሰልስቱ ማግስት ጣሳውን በተፈጨ ብቅል ሞልቼ ወፍጮ ቤት አስመዘንኩት። ስምንት መቶ ግራም። ደብተሬ ላይ «አንዱ ጣሳ ስምንት መቶ» ብዬ ጽፌ ደባርቅ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ እኔ ባለሁበት ጨው እንኳ ሳይመዘን አይገባም። በጣሳና በእፍኝ የሚሠሩትን ስቆጣ ነው የምውለው።

በሃያ አምስተኛው ቀን ደባርቅ ገበያ ወጣሁ። ስድስቱን በስምንት መቶ አባዝቼ አምስት ኪሎ ሊሞላ ሁለት መቶ ግራም የቀረው የተወቀጠ ጌሾ አስመዘንኩ። ሻጯ «ለስንት ጋን ነው?» አለችኝ።

«ለአንድ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ጥቁር ልብሴን ስታይ ዝም ብላ ቋጠረችልኝ።

ዳባት ስደርስ አክስቴ እታለም ጋኑን አጥና ጠበቀችኝ። ፌስታሉን አንስታ በእጇ መዘነችና «ይኼ አልበዛም? በጣሳዋ ስፈሪው እንጂ ልጄ» አለች።

«በግራም ተለክቷል፣ አክስቴ።»

«እሷ እኮ በግራም አታውቅም ነበር።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ከሐዘንተኛ ጋር ማን ይከራከራል? ጌሾውን ራሴ ገለበጥኩት። ጥንስሱን፣ ብቅሉን፣ ድፍድፉን፣ ሁሉንም በየቀኑ ሠራሁ፤ ማታ ምን እንደሠራሁ ብጠየቅ ግን አላስታውስም ነበር።

በአርባው ድንኳኑ ሞላ። ጠላው ተቀዳ። ሰው ይጎነጫል፣ ብርጭቆውን ያስቀምጣል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል። ሁለተኛ የሚያስቀዳ ጠፋ። በእናቴ ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ታይቶ አያውቅም። ለራሴ ቀድቼ ቀመስኩ። እሬት ነው።

ወዲያው ገባኝ። ብቅል ከባድ ነው፤ ጌሾ ቅጠል ነው፣ ጣሳ ሙሉው ሦስት መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። አንዱን መዝኜ በዚያው ሁሉንም አሰላሁ። ይህን ለማጅ ብታደርገው ከወጥ ቤቴ አባርራት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለምናኝ፣ እሱን አበላሸሁት።

የእናቴ ነፍስ አባት መምሬ ሚናስ ተጎንጭተው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ወቀሳ የለበትም ድምፃቸው።

«የደብሪቱ እጅ ቀረ እንግዲህ» አሉ።

አርባ ቀን ሙሉ ያልመጣው መጣ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ።

አክስቴ እታለም ሮጣ መጥታ አቀፈችኝና በነጠላዋ ፊቴን ጠረገችው። ስለ ጠላው የማለቅስ መስሏታል።

«አይዞሽ ልጄ» አለችኝ በጆሮዬ፣ «ይጠጣል።»