ባሚያው የሚጠጣው ውሃ

ሐምሌ በሀገር ቤት ዝናብ ነው። ጅቡቲ ላይ ግን ኸምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋ እያነሳ ፊት የሚገርፍበት፣ የቧንቧ ውሃ እጅ የሚልጥበት ወር ነው። በዚህ ወር ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባሚያ አፈራሁ ማለት ውሸታም ያሰኛል። ሳፊያ ግን አፍርታለች።

ምስጢሩ ከመሪማ ኤሲ፣ ከክፍል ማቀዝቀዣዋ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። መሪማ የሳፊያ ሟች ባል የነበረው የአኒስ ታላቅ እህት ናት። አኒስ ሲሞት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ኤሲ ያለው የፊት ክፍል ለእህት፣ የኋላው ክፍልና ግቢው ለሚስት ደረሰ። የኤሲው ቱቦ ግን ይህን ክፍፍል አልሰማም። እንደ ድሮው በግድግዳው ወጥቶ፣ አኒስ ዘሩን ከድሬዳዋ አምጥቶ በተቆረጡ የዘይት ጄሪካኖች የተከላቸውን ባሚያዎች ጠብ ጠብ እያለ ያጠጣል። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ነው፤ ሥር ያቃጥላል። ስለዚህ ሳፊያ የኤሲውን ጠብታ በባልዲ እያጠራቀመች ለቲማቲሙና ለቃሪያውም ታዳርሳለች።

ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሰላምታ የለም፤ አሽሙር ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። መሪማ የምትናገረው ለድመቷ ነው።

«አየሽ ድመቴ፣» ትላለች በመስኮቷ፣ «ማሽኑ የወንድሜ፣ ውሃው የወንድሜ፤ ወጡ ግን የባዳ!»

ሳፊያ ደግሞ ባሚያው ላይ ታጎነብሳለች። «ጠጣ አንተ! ውሃ የሚያወርደው አላህ ነው፤ ቱቦው የማንም ይሁን።» ይህን ስትል ድምጿን ከፍ እንደምታደርግ ታውቃለች። የአላህን ስም ለነገር መወርወሪያ ማድረጓን እያሰበች ኋላ ሰላቷ ላይ ታፍራለች። በማግስቱ ግን ያንኑ ትደግመዋለች።

አንድ ሐሙስ ባሚያው ጣት አከለ። ሳፊያ ድሬዳዋ ላለች እህቷ ስልክ ደውላ፣ «ነገ ከጁምዓ በኋላ ጠግቤ እበላለሁ!» አለች። የመሪማ መስኮት ክፍት ነበር።

ወዲያው ኤሲው ዝም አለ።

ሳፊያ መብራት የጠፋ መስሏት ገብታ ፍሪጇን አዳመጠች። ይጮኻል። ጠብታው ግን ቆሟል።

«ድመቴ፣ እኛ በረሃ ያሳደገን ነን፤ ሙቀት አንፈራም፣» አለች መሪማ ከውስጥ። «ማን ቀድሞ እንደሚጠወልግ እናያለን!»

በባልዲው የተረፈው ውሃ እስከ ማታ እንኳ አልደረሰም። ዓርብ ጠዋት የባሚያው ቅጠል እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የመሪማም ድምፅ ሳስቷል። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊትም አለባት። ሳፊያ ከመስኮቱ ሥር ቆማ የመሪማን ትንፋሽ አዳመጠች፤ አጭር ነው፤ ይቆራረጣል። «የራሷ ጉዳይ፣ ትሙታ!» የሚል ነገር በልቧ ሽው አለ። አስተግፊሩላህ ብላ ምሕረት ለመነች፤ ግን ቶሎ አላለችውም።

«እትዬ መሪማ፣ ኤሲውን ይክፈቱት።»

«ድመቴ፣ ባሚያ አፍ አወጣ እንዴ?»

«ስለ ባሚያው አይደለም። ግፊትዎ...»

«ግፊቴን ተይልኝ! ብሞት ደስ ይልሻል፤ ለባሚያሽ ማዳበሪያ ታደርጊኛለሽ!»

በዓመት ውስጥ ከመሪማ አፍ በቀጥታ ወደ እሷ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ሳፊያ ወደ ክፍሏ ገብታ ቢላዋ ይዛ ወጣች። የደረሰውንም ያልደረሰውንም ባሚያ ለቀመች። ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን አንድ ሳታስቀር ሰበሰበች። ከዚያ የባሚያውን ግንድ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ፣ ከአንጓው በላይ፣ ተራ በተራ ቆረጠችው። አልነቀለችም፤ ቆረጠች። ቅጠሉን ከመሪማ መስኮት ሥር ከመረችው።

«ይኸው፣ ይዩት። የሚጠጣ የለም። አሁን ይክፈቱት።»



ሳፊያ ምድጃዋን ግቢው ውስጥ አቀጣጠለች። ባሚያው እንዳይዝለገለግ ሳትቆርጥ በዘይት ጠበስ አድርጋ አወጣችው። ቀይ ሽንኩርቱን አቁላልታ ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፤ ቲማቲሙን ከተፈችበት። ቲማቲሙ ሟምቶ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ባሚያውን መለሰችና ሎሚ ጨመቀችበት። ሽታው በመስኮቱ ገባ። ያን ጊዜ ኤሲው አጓራ፤ ትንሽ ቆይቶም አንዲት ጠብታ ወደቀች።

ሳፊያ ለሆህ የሚሉትን ስስ ቂጣ አንጥፋ በላች። ትኩሱ ወጥ ጣቷን እያቃጠላት፣ ቃሪያው እያስለቀሳት ጠግባ በላች። ከዚያ አንድ ሳህን ሞልታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ከፍቅር አልነበረም። የጎረቤት ሐቅ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ሳህኑ ተጠርጎ ተመለሰ።

«ድመቴ፣ ጨው አንሶታል፣» አለች መሪማ። ክፍሉ ቀዝቅዞላት ድምጿ ነፍስ ዘርቷል። «ወንድሜ እንዲህ ያለ ወጥ እየበላ ነው የሞተው።»

መልሱ ሳፊያ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ሳህኑን አጠበችና ወደ ግንዶቹ ሄደች። አኒስ ነግሯት ነበር፤ ከአንጓው በላይ የተቆረጠ ባሚያ ውሃ ካገኘ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ያውም በሁለት በኩል ያቆጠቁጣል። መሪማ ዕድሜዋን ሱቅ ውስጥ ያሳለፈች ናት፤ ተክል ነክታ ስለማታውቅ ባሚያው ያለቀለት መስሏታል።

ሳፊያ ግንዱ ያለበትን ጄሪካን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ከቱቦው አፍ ሥር በትክክል አስቀመጠችው።

«ጠጣ፣» አለችው። በዚህኛው ጊዜ በሹክሹክታ።