ከኩሽናው ግድግዳ ማዶ

ኤይናር መኪናዋ ዘንድሮ የበረዶውን ወራት ውጭ ታሳልፋለች ብሎ የተናገረው በመስከረም አንድ ጠዋት፣ የእንቁላሉን ሳህን በዳቦ እየጠረገ ነበር።

ሚስቱ አርዲስ መጀመሪያ የሰማችው የመኪናዋን ነገር ብቻ ነው። ቤታቸው ባለበት ሐይቅ ዳር ውጭ ያደረች መኪና ጥር ላይ ሞተሯ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ለዚህም ነው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከኩሽናው ጋር ግድግዳ በሚጋራው ጋራዥ ውስጥ ያኖሯት። ቆይቶ የገባት ግን ሌላው ነው። ባሏ ጋራዡን ወርክሾፕ አድርጎ፣ በሩን ዘግቶ፣ በኤሌክትሪክ መጋዝ እንጨት ሊሰነጥቅ ነው። በሰባ ስድስት ዓመቱ። በዚያ ልቡ።

የልቡ ነገር እንዲህ ነበር። ካቻምና ከፋሲካ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወንበር ሲደረድር ወደቀ። ሐኪሞቹ የልቡ ደም ሥር ውስጥ ትንሽ ቱቦ ከተቱለትና ተነሣ፤ ደህና ነህ፣ እንደ ድሮህ ኑር ብለው ሸኙት። አርዲስ ግን «ደህና» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አምናው አታውቅም። እሱ ሲታጠብ የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ማለት አለበት። ሐይቁ ዳር ሲሄድ ሹራቧን ደርባ ከኋላው ናት። ክኒኑን ቆጥራ ትሰጠዋለች፣ ሲውጥም አፉን ታያለች። አርባ ዓመት የአውራጃውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና በዚያ ሁሉ ጭጋግ ብቻውን የነዳ ሰው፣ አሁን ጥፍሩን እንኳ ብቻውን አይቆርጥም።

«አንድ ነገር ነው የምለምንሽ» አላት። «በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል።»

እምቢ ልትለው ነበር። ፊቱን ስታይ ግን አፏ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ።

«ብርድ ይመታሃል» አለች።

ጋራዡን ባዶ ማድረግ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ጎረቤታቸው ዱዌይን፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ጡረታ የወጣው ሰውዬ፣ በየጠዋቱ እየመጣ ያግዝ ነበር፤ ከወሬው ጋር ሲመዘን እገዛው እዚህ ግባ ባይባልም። የገና መብራቶች፣ የልጃቸው የካሪን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎች፣ የደረቁ የቀለም ጣሳዎች፣ ማን እንደገዛቸው የማይታወቅ አራት አካፋዎች፣ ሁሉም ወደ ደጅ ወጡ። አርዲስ ደፉ ላይ ቆማ፣ ባሏ ጎንበስ ባለ ቁጥር ስሙን ትጠራለች።

«ኤይናር።»

«የጫማ ሳጥን ነው፣ አርዲስ።»

«ውስጡ ምን እንዳለ በምን አወቅህ?»

«ጫማ ሳይሆን አይቀርም» አለ ዱዌይን፣ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ።

የጋራዡ ወለል ከመኪና የሚንጠባጠበው የበረዶ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ ትልቁ በር ያዘነብላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን ሲረግጡት ኖረው ረስተውት፣ ባለመሳቢያውን የሥራ ጠረጴዛ እግሮቹን እኩል ቆርጠው ገጠሙት። መሳቢያዎቹ ማንም ሳይነካቸው እየተንሸራተቱ ይከፈቱ ጀመር። ዱዌይን፣ ጠረጴዛው ቤቱን አልወደደውም፣ ሊሄድ ነው አለ። በውሃ ልክ እየለኩ እግሮቹን አንድ ባንድ እንደገና ሠሩ። አርዲስ ያን ቀን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከካቻምና ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም ነበር።

የግድግዳው ነገር ግን የእሷው ሥራ ነው። ኤይናር የብርድ መከላከያውን ጥጥ ሊሞላ ያሰበው የውጭዎቹን ግድግዳዎች ብቻ ነበር። እሷ የኩሽናውም ይሞላ አለች። ብናኙ ይመጣል አለች፣ ሙቀቱ ይባክናል አለች፣ ከሞቀ ኩሽና ቀዝቃዛ ክፍል ሲገባ ሳንባውን ይይዘዋል አለች። ድርብ ይሁን ብላም ቁርጧን ተናገረች። ዱዌይን፣ ቤት መሐል ያለ ግድግዳ ከየትኛው ብርድ ነው የሚጠበቀው ብሎ ቢጠይቃት፣ አንተ ምስማርህን ምታ ብላ አስቀመጠችው። ድርብ ጥጥ ገባ፤ በላዩ ወፍራም ጂብሰም ቦርድ ተመታ፤ የበሩ ጠርዝም ዙሪያውን ጎማ ተደረገለት።

በጥቅምት መጨረሻ ኤይናር ገብቶ በሩን ዘጋ።

አርዲስ ሽንኩርት እየላጠች ጆሮዋን ጣል አደረገች። ምንም የለም። ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አሁንም የለም። ፍሪጁ ይጉረመረም፣ መጋዙ ይጉረመረም፣ አይለይም። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ስንት ዓመት በዚያ ግድግዳ በኩል ስትሰማው ኖራለች፤ ሳሉን፣ ቁልፍ ሲወድቅበት ቀስ ብሎ የሚሳደበውን፣ ጫማውን ሲያራግፍ ወለሉ ላይ የሚመታውን። ቤት መግባቱን የምታውቀው በዚያ ነበር። አሁን ወድቆ ቢጣራ አትሰማውም። ጆሮዋን በገዛ እጇ፣ ያውም ድርብ አድርጋ ደፈነችው።

ስለዚህ ትገባ ጀመር። አንዴ ክኒን ይዛ፣ አንዴ ደብዳቤ መጣልህ ብላ፤ ደብዳቤው የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ነው። አንዴ ምንም ሳትይዝ ገብታ ቆመች። ኤይናር ታገሠ። በሦስተኛው ሳምንት የጆሮ መከላከያውን አውልቆ ወደ እሷ ዞረ። ድምፁን አላነሣም።

«እዚህ የምትገቢው እንደ ነርስ ነው» አላት። «እንዲህ ከሆነ መጋዙን ልሽጠውና መስኮቱ ሥር ልቀመጥልሽ። እስክሞት እያየሽኝ ትቀመጫለሽ። የምትፈልጊው እሱን ከሆነ ንገሪኝ።»

እሱን አልፈልግም አለች። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ራሷን ገታች። በስድስተኛው ቀን፣ በረዶው መጣል በጀመረበት ከሰዓት፣ የምሳው ሰዓት አለፈ። በሩን አንኳኳች፣ መልስ የለም። ስሙን ጠራች፣ ደገመች። ከፈተችው። ጀርባውን ሰጥቷት፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማሽኑ ላይ ተደፍቷል። የመጋዙ ጩኸት ጆሮዋን ቢመታትም አልሰማችውም። የታያት መደፋቱ ብቻ ነው። ሮጣ ትከሻውን ያዘችው።

ኤይናር ግን አልወደቀም ነበር። ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ከእርሳስ መስመሩ ላይ ሳያነሣ አንዲት ጠባብ ጣውላ በመጋዙ እያሳለፈ ነበር። ደነገጠ። እጁ ሳተ። ጣውላዋ ከመጋዙ ጥርስ ተፈናጥራ በጎኑ አልፋ ትልቁን በር መታችው፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ቦርድ በስታም ቆመች።

መጋዙን አጠፋው። ቀስ ብሎ አንድ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ጣቶቹ ሁሉ አሉ። አርዲስ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይቀላት ነበር። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራርቦ፣ በመካከላቸው የእህል ፍሬ እንኳ የማያሳልፍ ክፍተት ትቶ አሳያት።

«ይህን ያህል ነበር የቀረኝ» አላት።

በማግስቱ አልገባም። በሦስተኛውም ቀን። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በረዶውን ያያል፤ ክኒኑን ሳይጠየቅ ይውጣል፤ ሲታጠብ በሩን ገርበብ ያደርጋል። ካሪን ደውላ ስትሰማ፣ እንግዲያው ተገላገልሽ እማዬ፣ ወርክሾፑን ቆልፊው በቃ አለቻት። አርዲስም ስልኩን ዘግታ ወደ መስኮቱ አየች። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለገችው ይኸው ነበር። ባሏ ከዐይኗ ሥር ነው። አይንቀሳቀስም፣ ከባድ ነገር አያነሣም፣ ብርድም አይመታውም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧቸው የሌላ ሰው እጆች ይመስላሉ።

ሹራቧን ደርባ ዱዌይን ቤት ሄደች። እያለቀሰች ገባች። ሰውዬው ስታለቅስ አይቷት ስለማያውቅ የሚያደርገው ጠፍቶት ወንበር ሰጣት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ወንበር ሰጣት። ሁሉንም ነገረችው። እሱም አሰብ አድርጎ፣ ፋብሪካው ውስጥ ስንት ዓመት ሲሠሩ ማንም ማንንም ጠርቶ እንደማያውቅ ነገራት። ጩኸቱ ቢጣሩም አያሰማም፤ መጋዝ ላይ ያለን ሰው ከኋላ መንካት ደግሞ ከሥራ ያስባርራል። ሰው ሲፈለግ አምፖል ይበራለታል። ሰውዬው የያዘውን እንጨት ቆርጦ ይጨርስና እሱም በተራው ያበራል።

«ካልጨረሰስ?» አለች አርዲስ።

«ትጠብቂያለሻ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪጨርስ ነዋ። እኔ እንጃ፣ አንቺ ሴትዮ፤ ባልሽ ነው።»

ወደ ቤት ተመልሳ ከኤይናር ፊት ለፊት ተቀመጠች። ይቅርታ ስትለምን ዐይኗን ከእጆቹ ላይ አላነሣችም። ልቡ የሚገድለው መስሏት እሷው ልትገድለው እንደነበር፣ ይህንንም ሦስት ቀን ሙሉ ከውስጧ ማውጣት እንዳልቻለች ነገረችው። ከዚያ ስለ አምፖሉ ተናገረች።

«አበራለሁ፤ እስከ ሁለት መቶ እቆጥራለሁ፤ ካልመለስክ እገባለሁ።»

«በሁለት መቶ አንድ ጣውላ እንኳ አላሳልፍም። አምስት መቶ።»

«አምስት መቶ ስቆጥር እኔ እሞታለሁ፣ ኤይናር። ሦስት መቶ።»

«አራት መቶ። ስትገቢም መጋዙ እስኪቆም ደፉ ላይ ትቆሚያለሽ።»

«አራት መቶ» አለች።

ዱዌይን ሽቦውን ከጥጡ ሥር አሳልፎ ዘረጋው። አንድ ማብሪያና አንድ አምፖል ኩሽናው ውስጥ ከእቃ ማጠቢያው በላይ፣ ሌላ ማብሪያና አምፖል ደግሞ ወርክሾፑ ውስጥ ከጠረጴዛው ፊት አደረገ፤ የአንዱ ክፍል ማብሪያ የሌላውን ክፍል አምፖል ያበራል።

የመጀመሪያው ቀን ክፉ ነበር። አበራችና ቆጠረች። መቶ ላይ ደህና ናት። ሁለት መቶ ላይ እጆቿን በፎጣ ጠቀለለች። ሦስት መቶ አርባ ላይ ለካሪን ደውላ ምን ብላ እንደምትነግራት ታስባለች። ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ቀረች። በማግስቱ ዘጠኝ ጊዜ አበራች። በሳምንቱ አምስት ጊዜ። እየዋለ እያደረ ቁጥሩ መሐል የሚያመልጣት ቀን መጣ። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሠራ የከረመው ሌላ ነገር ሳይሆን ራሱን ወርክሾፑን ነበር፤ ለመሣሪያው መደርደሪያ፣ ለመደርደሪያው በር፣ ለበሩ እጀታ።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ቀን ድንች ጥዳ ዞር ስትል አምፖሉ በርቷል። እሷ አልነካችውም። ስለ ሁሉም ነገር ሲስማሙ፣ እሱ ቀድሞ ቢያበራስ የሚለውን ማንም አላነሣውም ነበር።

በሩ ጋ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እጀታውን ጨብጣ ቆመች። መዳፏን በሩ ላይ ለጠፈችው። መጋዙ ቢዞር ንዝረቱ ይሰማት ነበር፤ የበሩ እንጨት ግን ፀጥ ብሏል። ከፈተችውና ደፉ ላይ ቆማ ጠበቀች።

ኤይናር አንድ ቁም ሳጥን የሚያክል የእንጨት ክፈፍ አቅፎ ቆሟል። ሙጫው ከየመጋጠሚያው ይንጠባጠባል። ማብሪያውን የተጫነው በክርኑ ነበር።

«መቆንጠጫ አነሰኝ» አላት። «ነይ ያዥልኝ። በዚያ በኩል፣ አዎ፣ ጫን አድርገሽ።»

ያዘችው። ክፈፉ በመካከላቸው ነው፤ ፊቱ ቅንድቡ ድረስ ሰጋቱራ ለብሷል፤ ሁለቱም ሊያብሱት ነፃ እጅ የላቸውም።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው?»

«ሙጫው እስኪይዝ። ግማሽ ሰዓት።»

«ድንች ጥጃለሁ፣ ኤይናር።»

«እንግዲያው ሂጂ። በጉልበቴ ደግፌ እሞክራለሁ።»

አልሄደችም። የሥራ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ሬዲዮ የሐይቁን የንፋስ ኃይል ትናገራለች። ኤይናር ስለ ክፈፉ ያወራት ጀመር፤ የትኛው ጎን ለየትኛው እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተና እንዴት እንደደበቀው። እንዲህ ሲያወራ ከሰማችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ክንዷ ዝሏል፤ ግን ጫን አድርጋ ይዛለች። በተከፈተው በር በኩል ሽታው መጣ።

«እያረረ ነው» አላት።

«ይረር» አለች አርዲስ። «አንተ በዚያ በኩል አትልቀቅ።»