በሃልቨርሰን ሣር ላይ የበቀለው ሰሌዳ

ማርሊስ ካንጋስ ስልኩን ዘጋችና ጠረጴዛውን በመዳፏ ደለቀችው።

"ሰማሽ ሲግኒ? ጆይስ ፔልቶ ትናንት መጥታ የወሰደችውን የምርጫ ሰሌዳ ደጇ ተክላዋለች! ጆይስ! ጥላዋን የምትፈራዋ ጆይስ!"

ሲግኒ በራሪ ወረቀት ማጠፏን ሳታቋርጥ "ምን ነካት?" አለች።

"ሃልቨርሰን ነዋ። ሽማግሌው የኔን ሰሌዳ ሣሩ ላይ ተክሏል አሉ። እሱ ከተከለ እኛን ምን ያስፈራናል እያሉ፣ ያ ሰፈር ከትናንት ጀምሮ ስልኬን አላሳርፍ ብሎኛል።"

የሲግኒ እጅ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ዕለት በአራተኛ ጎዳና ሰሌዳ ስትተክል የዋለችው እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ሰው ከምዕራብ አራተኛ ጎዳና ደውሎ "የጠየቅሁት ሰሌዳ የት ደረሰ?" ብሏት ነበር። ተቃዋሚ ነቅሎት ይሆናል ብላ አልፋው ነበር። አሁን ገባት። በከተማዋ እያንዳንዱ ጎዳና በዋናው መንገድ ለሁለት ይከፈላል። ምሥራቁም ምዕራቡም የቤት ቁጥሩን ከአንድ ይጀምራል። እሷ የምዕራቡን ሰውዬ ሰሌዳ በምሥራቁ፣ በዚያው ቁጥር ቤት፣ በሚስተር ሃልቨርሰን ሣር ላይ ተክላዋለች።

ሃልቨርሰን ጡረታ የወጣ የብረት ማዕድን ማውጫ አለቃ ነው። ተራማጅ የሚባል ሰው ስሙ ሲነሳ ሬዲዮውን የሚያጠፋ፣ ለወግ አጥባቂዎቹ ዕድሜ ልኩን ድምፁን የሰጠ ሰው ነው። ማርሊስ ደግሞ ከተራማጆቹ ወገን የሆነች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ የከተማውን ልጅ ሁሉ በስሙ የምትጠራ ሴት ናት። ለካውንቲው፣ ማለትም ለወረዳው፣ ምክር ቤት የተወዳደረችው ተቀናቃኟ "ባዶውን የሚዞር" ያለውን የካውንቲውን አውቶቡስ አስቀራለሁ ባለ ማግስት ነው። የሲግኒ እናት በሳምንት ሦስት ቀን በዚያ አውቶቡስ ሄዳ ነው ኩላሊቷን የምትታጠበው። አውቶቡሱ ከቀረ ሲግኒ ዩኒቨርሲቲዋን ትታ እናቷን ማመላለስ አለባት። እናቷ ይህን ስትሰማ "ከዚያስ ብሞት ይሻላል" ብላ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ለቀልድ የሚሆን አፍ የላትም።

"ማርሊስ" አለች ሲግኒ ፊቷ ቀልቶ፣ "ሰሌዳውን እሳቸው አልተከሉትም። እኔ ነኝ። ቤት ተሳስቼ።"

ማርሊስ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"አንቺ ልጅ! ለሃምሳ ዓመት ማንም ያልደፈረውን ሣር..." ዓይኗን ጠራረገች። ሳቋ ሲበርድ በመስኮት ውጭውን አየች። "እስከ ማክሰኞው ምርጫ ዝም ብንልስ? ብዙ ድምፅ እኮ ነው።"

ሲግኒ ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

"አይ፣ ተይው" አለች ማርሊስ ራሷው። "እንዲያ ካሸነፍኩ ሱቅ ስገባ ሰውየውን በየት በኩል አየዋለሁ? ሂጂና ንገሪው። ጎረቤቶቹንም ንገሪ። ደግሞ ጥያቄውን ጠይቂው! ደጃፍ ድረስ ሄደሽ፣ ሁሉን አስረድተሽ፣ ጥያቄውን ሳትጠይቂ ነው እየተመለስሽ ያለሽው።"

እውነቷን ነው። "ድምፅዎን ይሰጡናል ወይ?" የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ሲግኒ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ትሰነቀራለች።

ሲግኒ ገና ደወሉን ሳትነካ ሃልቨርሰን በሩን ከፈተ። ቅዳሜ ከነበረበት የአደን ጎጆው የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጢሙ አልተላጨም።

"የተከልሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምሥራቅና ምዕራብ ተምታቶብኝ ነው።"

"ወንድሜ ደውሎ አብደሃል ወይ አለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ደግሞ እጸልይልሃለሁ አለኝ። እጸልይልሃለሁ! እኔን!" ጣቱን ወደ ሣሩ ቀሰረ። "ንቀይው!"

ሲግኒ ጎንበስ ብላ ሳበች። መሬቱ በውርጭ ደርቆ የሰሌዳውን የሽቦ እግር እንደ ጥርስ ነክሶታል። ደግማ ሳበች፤ በቂጧ ቁጭ አለች። ሃልቨርሰን ወደ ውስጥ ገባ። ተቆጥቶ የገባ መስሏት ነበር፤ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዞ ወጣና በሽቦው ሥር አፈሰሰ።

"አሁን ሳቢ። ቀስ! ሣሬን እንዳትቦጭቂው።"

ሰሌዳው ወጣ። አመስግናው ሄደች።

ጆይስ ፔልቶ ነገሩን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

"እና የኔን ልትነቅይ ነው?"

"ከፈለጉ ነው እንጂ..."

"እጅሽን አንሺ! ሃልቨርሰን ሰበቤ ነበር። ከተተከለ ወዲህ ማን ነከሰኝ?"

ትናንት ሰሌዳ የወሰደው፣ ማዶ ያለው ሰውዬ ግን ወሬዋን ሳትጨርስ ሰሌዳውን ነቅሎ አስታቀፋት። "እኔስ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር" አለና በሩን ዘጋው።

ሁለቱን ሰሌዳ አቅፋ ስትመለስ የሃልቨርሰን በር ፊት ደረሰች። አለፈችው። ጥቂት ሄደችና ቆመች፤ የእናቷ ፊት መጣባት። ተመልሳ ደወሉን ተጫነች።

"ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"ጥያቄ ረስቼ ነው።" ትንፋሽ ወሰደች። "ማክሰኞ ለማርሊስ ካንጋስ ድምፅዎን ይሰጣሉ?"

ሽማግሌው አፍጥጦ አያት። "ለምን ብዬ?"

ስለ አውቶቡሱ ነገረችው፤ ስለ እናቷም።

"ካንጋስ ግብር ትጨምራለች።"

"ለአውቶቡሱ፣ አዎ፤ ትንሽ ትጨምራለች።"

"አትዋሺም፣ ደግ ነው።" የበሩን መቃን ተደገፈ። "የኛዎቹ ለመዋጮ ይደውሉልኛል። ለራት ግብዣቸው ይደውሉልኛል። ድምፅህን ስጠን ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ኪሳቸው ውስጥ እንዳለሁ ነው የሚቆጥሩኝ።" ዓይኑን አሸ። "ይሄ ዓይኔ ደግሞ ከመሸ መንገዱን አይለየውም። መንጃ ፈቃዴን በሚቀጥለው እድሳት ይቀሙኛል። ያን ጊዜ እኔም ያንኑ ባዶ አውቶቡስ ነው የምሳፈረው።"

ሲግኒ ሰሌዳዎቹን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረች።

"ሰሌዳ ሣሬ ላይ አይቆምም" አለ። "ድምፄን ግን ታገኛለች። ወንድሜ ከሰማ እክድሻለሁ፤ አላውቃትም እላለሁ።"

ማርሊስ መኪናዋን ጥግ አስይዛ ትጠብቃት ነበር።

"ስንት ሰሌዳ አጣን?"

"ሁለት።"

"ጠየቅሽው?"

"ጠየቅኋቸው።"

"ምን አለ?"

"ወንድማቸው እንዳይሰማ አሉኝ።"

ማርሊስ መሪውን በሁለት እጇ ደበደበችው፤ ጥሩምባው ሳይታሰብ ጮኸና የሃልቨርሰን መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ሲግኒ ሰሌዳዎቹን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። የአንዱ ሽቦ ላይ የሃልቨርሰን አፈር ገና እንደረጠበ ነው።

"ወደ ምዕራቡ ንጂው" አለች። "አንድ ሰውዬ ከቅዳሜ ጀምሮ ሰሌዳ እየጠበቀ ነው። ሌላውንም ጎረቤቱ ይውሰደው፤ እጠይቀዋለሁ።"