መቶ ሠላሳ በሰማንያ

«ሐኪም ልትሆን የምታጠና ልጅ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ሰው እንዲህ እንደ ዋዛ ይሄዳል?» አለች አክስቷ፣ ለለቀስተኛው ሻይ እየቀዳች።

ክፉ አስባ አይደለም፤ አክስት ናት፣ አፏ እንዳመጣላት ነው የምትናገረው። ልጅቷ ግን ክው አለች። አባቷ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ለደንበኛው ፎጣ ሲያስር ወድቆ ከሞተ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሞቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ሰዉ «ጠንካራ ልጅ» ይላታል። ምን ጥንካሬ አላት? ድንጋጤ ነው ያደረቃት።

የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ከፈተናው ሌላ፣ ሰው ላይ የተለማመዱትን የመዘገቡበት ደብተር ይጠየቃል። በትርፍ ጊዜዋ በነፃ የምታገለግልበት ክሊኒክ ያለችው አንጋፋ ነርስ የደም ግፊት መለኪያ ከነጆሮ ማዳመጫው አዋሰቻት። አባቷም ከሥራ ሲመለስ ክንዱን ይሰጣት ጀመር። «እኔም ፀጉር መቁረጥ የተማርኩት በወንድሜ ጭንቅላት ነው፤ ጆሮው የተረፈው በተአምር ነው። ተማሪብኝ» ይላት ነበር።

የመጀመሪያ ቀን መቶ ዘጠና አገኘች። ደገመችው፤ ያው ነው። እንዲህ ያለ ግፊት ያለበት ሰው ቁጭ ብሎ ይቀልዳል? የጀማሪ ጆሮዬ ነው ብላ አፈረች። ነርሷ «ገና መለካት አልቻልሽም» እንዳትላት፣ ደህና የሚመስለውን ጻፈች፤ መቶ ሠላሳ በሰማንያ። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልሰማችውን ጻፈች። «እንዴት ነኝ ዶክተር?» ሲላት «አንበሳ ነህ አባብዬ» ትለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ከእናትየው አጠገብ ተቀምጣ፣ ደብተሩን እንዳየችው፣ ግፊቱ ደህና እንደነበረ፣ ልጅቷም የሚቻላትን ሁሉ እንዳደረገች ነገረቻት። የፊታችን ሰኞ ካለባት የመግቢያ ቃለ መጠይቅም እንዳታስቀራት ለመነቻት።

«ተመስገን» አለች እናትየው። «እንኳን ልጄ አየችው።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ሰኞ ሄዳ ሐኪም ትሆናለች።

«ውሸቴን ነው የጻፍኩት» አለች። «በየቀኑ መቶ ዘጠና ነበር። የተሳሳትኩ መስሎኝ ዝቅ አደረግሁት።»

አክስትየው የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ነርሷ አቀረቀረች። እናትየው ልጇን ትክ ብላ አየቻት፤ ፊቷ ላይ ንዴት ይሁን ሐዘን አይለይም።

«መለኪያው የታለ?» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ከመኝታ ቤት አመጣችው። ነርሷ ልትቀበላት ስትነሳ እናትየው በእጇ ምልክት መለሰቻት። ከዚያ የሐዘን ልብሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ፣ ክንዷን ልጇ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።

«ለኪኝ። የሰማሽውን ንገሪኝ።»

መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረችው፤ ነፋችው፤ አዳመጠች።

«መቶ ሰባ» አለች ልጅቷ።

«ድገሚው» አለች እናቷ፣ ክንዷን ሳታነሳ።