ኩሬው ያጎበጠው መስመር

ጋሼ ገብረጻድቅ ጠዋት የኖራውን ጆንያ ለዳሲቱ ሲያስረክቧት «መስመሩ ቀጥ ካለ ዳኛው አይጨነቅም» አሏት። ዳሲቱ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ያሰለጠኗት እሳቸው ናቸው። ብቻዋን ስትዳኝ የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ያውም የአቃቂ ሴቶች የሶፍትቦል ዋንጫ የሚለይበት ቀን።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከመቺዋ መቆሚያ ተነስቶ ሯጮች ከሚረግጧቸው ቤዞች በሦስተኛው በኩል ወደ ዳር የሚዘረጋው መስመር ቤዙን እንዳለፈ ኩሬ ገጠመው። ኖራ ደግሞ ውሃ ላይ አይሰመርም። ዳሲቱ ትንሽ አሰበችና መስመሩን በኩሬው ዙሪያ ወደ ሜዳው ውስጥ አጉብጣ አሳለፈችው፤ ከኩሬው ማዶ መልሳ ጫፍ ላይ ከተተከለው ባንዲራ ጋር አገናኘችው። የሰፈሩ ሰው ለእግር ኳስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መስመር ኩሬ ሲያገኝ ይጎብጣል፣ ማንም ግድ አይሰጠውም። «ለአምበሎቹ እነግራቸዋለሁ» አለች። ሕዝቡ ሲሰበሰብ ግን ነገሩን ረሳችው።

በመጨረሻው ዙር የባቡር ጣቢያ ሰፈር ልጆች በአንድ ነጥብ እየመሩ ነበር። አንዲት መቺ ብቻ ካስወጡ ዋንጫው የእነሱ ነው። የፋብሪካዎቹ ልጆች በበኩላቸው ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ አሏቸው፤ ዱላውን የያዘችው ደግሞ ማርቲ ናት። ማርቲ ስትመታ ኳሱ ሁልጊዜ የሦስተኛውን ቤዝ ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። ይህን የምታውቀው የጣቢያዋ ከውሲ የለመደችውን ቦታ ትታ ኩሬው መሃል ገብታ ቆመች። ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን ዋጠው።

«ዳክዬ! ዳክዬ!» አለ ከዳር ያለው ሕዝብ።

«ዓሣ ከያዝሽ ለእኛም አካፍይን!»

ከውሲ ጓንቷን አስተካከለች። ከዳሲቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ይህንንም ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። ዳሲቱ ከጠዋት ጀምሮ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ለጎረቤቷ አደላች እንዳይሏት። ስለዚህ ወርዋሪዋ ኳሱን ስትለቅ፣ ከውሲ ከነጩ መስመር ማዶ መቆሟን እንዳየች ሳታመነታ ሕግ መጣሱን ለማሳየት ግራ እጇን ዘረጋች።

ማርቲ መታች። ኳሱ ከፍ ብሎ ወጣና ወደ ኩሬው ወረደ። ከውሲ ካለችበት ሳትነቃነቅ፣ መሬት ሳይነካ ጓንቷ ውስጥ አስቀረችው፤ መቺዋ ወጣች ማለት ነው። ጣቢያዎች ጮኸው ተቃቀፉ።

«ውርወራው አይቆጠርም!» አለች ዳሲቱ። «ተከላካይዋ ከመስመር ውጪ ናት!»

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ኳሱ ሲወረወር ከመቺዋ ኋላ ከምትቀመጠው ቀላቢ በቀር ተከላካዮች ሁሉ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆን አለባቸው። ሜዳው ተናወጠ። ከውሲ ጫማዋ ውሃ እየተፋ መጣች። ወደ ቆመችበት ዞር ብላ መስመሩን አየች፤ ከዚያ ባንዲራውን። «ዳኛ…» ብላ ጀመረችና ወንበር ላይ የተቀመጡትን ጋሼ ገብረጻድቅን ስታይ አፏን ዘጋች።

«ተከራከሪ እንጂ!» አለቻት አምበሏ ድንቅነሽ። «ምን ይለጉምሻል?»

«ተይው፣ ይሁን» ብላ ከውሲ ተመለሰች።

ዳሲቱ ከቀላቢዋ ኋላ ቦታዋን ያዘች። ቀና ስትል የመቺዋ መቆሚያ፣ ቤዙና ባንዲራው በአንድ መስመር ተሰልፈው ታዩአት። በመካከላቸው የእሷ ኖራ ብቻ እንደ ክርን ወደ ውስጥ ታጥፏል። ትክክለኛው መስመር የሚያልፈው በኩሬው ማዶ ዳር ነው። ከውሲ ውስጥ ነበረች።

ፊቷ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ። ጊዜው ገና አላለፈም፤ ዳኛ እስከ ቀጣዩ ውርወራ ድረስ ስህተቱን ማረም ይችላል። ወርዋሪዋ ኳሱን ይዛ የእሷን ትእዛዝ ትጠብቃለች። ግን መስመሩን ያጎበጠችው ራሷ ናት። ጋሼ ገብረጻድቅ እያዩ እንዴት ትናገረዋለች? ደግሞስ ለጎረቤቷ ብላ ነው አይሏትም?

«ቀጥሉ!» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ማርቲ በዚህኛው ኳሱን ከሁሉም ራስ በላይ አሳልፋ ሰደደችው። ሁለቱም ሯጮች ገቡ፤ ዋንጫው የፋብሪካዎቹ ሆነ።

ጋሼ ገብረጻድቅ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ጎበዝ ልጄ! ጎረቤቴ ናት አላልሽም።» ዳሲቱ መሬት መሬቱን እያየች አመሰገነቻቸው።

ሜዳው ጭር ሲል ከውሲ ኩሬው ዳር ቆማ በጫማዋ ሶል የጎበጠውን ኖራ ስታጠፋ አየቻት። ተጠጋቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጫማዬን እየጠረግኩ።»

«ከውሲ… የመስመሩ ስህተት ገብቶሽ ነበር አይደል?»

«ገብቶኛል። ጋሼ እያዩሽ ነበራ! በመጀመሪያ ቀንሽ ላዋርድሽ እንዴ?» ከውሲ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ራስሽ ታይዋለሽ ብዬም ነበር። አልታየሽም፣ ምን ይደረግ።»

ዳሲቱ እዚያ ላይ ዝም ብትል ነገሩ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«መቼ?»

ዳሲቱ ዓይኗን ወደ ኩሬው መለሰች።

«ማርቲ ሁለተኛውን ሳትመታ?»

ዳሲቱ አዎ በማለት ራሷን ነቀነቀች። የከውሲ እግር ኖራው ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ጓንቷን አንስታ፣ የቀረውን ጉብጠት እንዳለ ትታ፣ ጓደኞቿ ወደተቀመጡበት ሄደች። ዞር ብላም አላየቻት።

ዳሲቱ ኩሬው ውስጥ ገባች። ከውሲ የቆመችበትን ቦታ ፈልጋ ቆመች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

«ጋሼ! እባክዎ ከመቺዋ ቦታ ሆነው ይዩኝ!»

ከዳር «ዳክዬ» ብሎ የሳቀም ነበር። ጋሼ ገብረጻድቅ ግራ እየተጋቡ ሄደው ቆሙ። አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ቤዙን፣ እሷን፣ ባንዲራውን እያቀያየሩ ብዙ ተመለከቱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ውስጥ ነሽ» አሉ። ቆይተውም «መቼ ነው ያየሽው?» አሏት።

ድንቅነሽና ጓደኞቿ ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። ከውሲ ብቻ የጫማዋን ክር መፍታቷን ቀጠለች።

«ሁለተኛው ኳስ ሳይወረወር ነው ጋሼ» አለች ዳሲቱ፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «አይቼ ነው ቀጥሉ ያልኩት።»

ማንም አልጮኸባትም። ጋሼ ገብረጻድቅ ጠዋት ያስረከቧትን የኖራ ጆንያ ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ።